ከኪስ እየከፈሉ መፎከር፦ የኒውዚላንድ የካፓ ሃካ አባላትና የገንዘቡ ጥያቄ

ያ ቪዲዮ ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ደርሷል። ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ዌሊንግተን በሚገኘው የኒውዚላንድ ፓርላማ በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ እየተሰጠ ነበር። ሃና ራውሂቲ ማይፒ ክላርክ የተባለች የ22 ዓመት የምክር ቤት አባል የረቂቁን ቅጂ ቀደደችና ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሃካ የተባለውን፣ የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የማኦሪዎችን ጭፈራ ጀመረች። አፈ ጉባኤው ስብሰባውን ለማቋረጥ ተገደደ። ቪዲዮው በቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ ሁሉም ስለ እሷ አወራ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ድምፅዋ፣ ስለተቀደደው ወረቀት።

እኔ ግን ደጋግሜ ሳየው ቀልቤ የሄደው ወደ ላይ፣ ለሕዝብ ወደተዘጋጀው መቀመጫ ነው። እዚያ የነበረው ሰው ተነሥቶ ተቀበላት። ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚቀበል፣ እጅ መቼ ጭን እንደሚመታ፣ እግር መቼ ወለል እንደሚረግጥ የነገረው አልነበረም። የአንድ አገር ሰው ሳይጠራራ እንዲህ አንድ ላይ የሚገጥመው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለማመደው ከኖረ ነው። የሚያለማምዱት ደግሞ ቅዳሜና እሁዳቸውን ለቡድን የሰጡ፣ ብዙ ጊዜ አምስት ሳንቲም የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ ስለ እነሱ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በማኦሪ ቋንቋ «ካፓ» ረድፍ ነው፤ «ሃካ» ጭፈራ። ሃካን ከራግቢ ሜዳ ብቻ የሚያውቅ ሰው የጦርነት ፉከራ አድርጎ ያስበዋል። ፉከራም ሽለላም አለበት፤ ነገር ግን ሃካ ለቅሶ ላይም ይባላል፣ ሠርግ ላይም፣ ልጅ ሲመረቅም፣ የተከበረ እንግዳ ሲመጣም። ካፓ ሃካ የሚባለው ደግሞ ይህን ሁሉ በአንድ መድረክ የሚሰበስበው የቡድን ጥበብ ነው። እስከ 40 የሚደርሱ ሰዎች ተሰልፈው ይገባሉ። የመግቢያ ዝማሬ አለ፣ የጥንት እንጉርጉሮ አለ፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚታጀብ ዘፈን አለ፣ ሴቶች በገመድ ጫፍ የታሰረች ኳስ እያሽከረከሩ የሚዘፍኑት ፖይ አለ፣ ሃካው ራሱ አለ፣ መውጫም አለ። ሁሉም በ25 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

በዚያ ሁሉ መሀል የተወዛዋዡ መዳፍ ሲርገበገብ ይታያል። ዊሪ ይሉታል። በማኦሪ ትውፊት ፀሐይ ሂኔ ራውማቲ ከተባለችው የበጋ እመቤት ታኔሮሬ የሚባል ልጅ ወልዷል፤ በበጋ ቀትር ከመሬት ላይ የሚርገበገበው ወላፈን የእሱ ጭፈራ ነው። የመዳፉ መንቀጥቀጥ ያንን ወላፈን መምሰሉ ነው። እኛ ትከሻ ላይ ያስቀመጥነውን እነሱ እጅ ላይ አስቀምጠውታል።

ታላቁ ውድድር ቴ ማታቲኒ ይባላል፤ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በ1972 ሮቶሩዋ ከተማ ላይ ሲጀመር ስሙ «የኒውዚላንድ የፖሊኔዥያ ፌስቲቫል» ነበር። «ፖሊኔዥያ» የሚለው ቃል ያኔ ማኦሪዎችን ከሳሞአ፣ ከቶንጋና ከኩክ ደሴቶች ፋብሪካ ፍለጋ ከመጡት ዘመዶቻቸው ጋር አንድ ላይ ያቀፈ ነበር። ቀስ በቀስ ውድድሩ የማኦሪ ብቻ ሆነ። የደሴቶቹ ልጆች ደግሞ በ1976 ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጀመረውን ፖሊፌስት የተባለውን የተማሪዎች ፌስቲቫል አሳደጉት። «ቴ ማታቲኒ» የሚለው ስም የመጣው በ2004 ነው፤ ማታ ፊት፣ ቲኒ ብዙ፣ አንድ ላይ «ብዙ ፊቶች»። በ2025 ኒው ፕሊመዝ ላይ በተካሄደው ከ50 በላይ ቡድኖች ለአምስት ቀናት ተወዳድረዋል። ሁሉም በየክልላቸው ማጣሪያ አልፈው የመጡ ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ የሚኖሩ ማኦሪዎች እንኳ የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው፤ በስደት አገር ቡድን መሥርቶ ልምምድ ማስያዝ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አይንቀውም።

አሁን ወደ አባሉ እንምጣ። መምህር ይሆናል፣ ነርስ፣ የመንገድ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ፣ ተማሪ። ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ልጆቹን መኪና ውስጥ ይጭንና ወደ ማራዬ ይነዳል፤ የጎሣው መሰብሰቢያ ግቢ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ለብዙ ሰዓት ይነዳል። ሌሊቱን ሁሉም በአዳራሹ ወለል ላይ ፍራሽ ከፍራሽ አያይዞ ይተኛል። ቅዳሜ ከንጋት ሩጫና ስፖርት፣ ከዚያ ግጥም መሸምደድ፣ ከዚያ ረድፍ፣ እንደገና ረድፍ። ምግቡን የሚያበስሉት ጎን ባለው ቤት የተሰለፉ አክስቶችና የአጎት ልጆች ናቸው፤ እነሱም አይከፈላቸውም፤ ስማቸውም ከመድረክ አይጠራም። እሁድ ማታ ወደ ቤት፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ። ውድድሩ በተቃረበ ቁጥር ይህ በየሳምንቱ ይሆናል።

ግጥሙ አዲስ መሆን አለበት። አብዛኛውን ሥራ ቡድኑ ለዚያ መድረክ ብሎ ያዘጋጀዋል፤ የሞቱ ታላላቆችን ያወድሳል፣ የጎርፍና የማዕበል ዓመቱን ያስታውሳል፣ መንግሥትን ይወቅሳል። በ2023 ኦክላንድ ላይ ውድድሩ የተካሄደው ጋብርኤል የተባለው አውሎ ነፋስ የሰሜን ደሴትን ምሥራቅ ባጥለቀለቀ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ቤታቸው ጭቃ የገባባቸው ሰዎች ወገን መድረክ ላይ ቆሞ ሲዘፍን ያየ ተመልካች ዘፈኑን እንደ ዜና ነው የሚሰማው።

ልብሱንም ላሳይ። ከወገብ በታች የሚታሰረው ፒዩፒዩ የሚሠራው ሃራኬኬ ከሚባል፣ እንደ ቃጫ ቅጠሉ ረጅም ከሆነ ተክል ነው። ቅጠሉ በስሱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በልኬት፣ እዚህ እዚህ ላይ ብቻ፣ በባሕር ዛጎል ጠርዝ ይፋቃል። የተፋቀው ቦታ ነጭ ጭረቱ ይወጣል፤ ያልተፋቀው ሲደርቅ እንደ ቀሰም ተጠቅልሎ ይጠነክራል። ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሲነከር ጭረቱ ብቻ ቀለሙን ይጠጣል፤ የተጠቀለለው ክፍል ወርቃማ እንደሆነ ይቀራል። ጥቁርና ወርቃማው ጥለት የሚመጣው ከዚህ ነው። አርባ ሰው አንድ ላይ ሲዞር እነዚያ ቀሰሞች እርስ በርስ ተጋጭተው ይንኳኳሉ፤ ከበሮ የሌለበት መድረክ ድምፅ አንዱ ይህ ነው። አንዱን ፒዩፒዩ ለመሥራት የሚፈጀውን ጊዜ በአርባ ማባዛት ለአንባቢ እተወዋለሁ። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሃንጊ ከሚባለው ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የበሰለ ሥጋና ድንች በሣህን እየሸጡ፣ ሎተሪ እያዞሩ፣ ከዘመድ እየለመኑ፣ የቀረውን ከኪስ።

እዚህ ላይ ነው የትንታኔው ክርክር የሚጀምረው። እስከ 2023 ድረስ መንግሥት ለቴ ማታቲኒ የሚሰጠው በዓመት 3 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር የማይሞላ ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚያገኘው ከዚህ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። ኦርኬስትራውን መንቀፍ ፋይዳ የለውም፤ ቫዮሊን ተጫዋች ደመወዝ ማግኘቱ ትክክል ነው። ጥያቄው ለምን አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ባህል» ተብሎ ተመዘገበ የሚለው ነው። ቫዮሊኑን የያዘው ሰው ባለሙያ ሲባል፣ ስድስት ወር ሙሉ ግጥም የሸመደደው፣ የሰለጠነው፣ በአሥር ሺዎች ፊት የቆመው ሰው «ፈቃደኛ» ይባላል። ባህል የሚለው ቃል አንዳንዴ «አይከፈለውም» የሚለውን በጨዋ ቋንቋ መናገሪያ ነው። በ2023 በጀት መንግሥት ለሁለት ዓመት 34 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ክልሎቹንም ለማጠናከር ታስቦ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አባሉ ግን ዛሬም ደሞዝተኛ አልሆነም።

ይሁን እንጂ «ይከፈላቸው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ታሪኩ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ማኦሪዎች በጭፈራ ገንዘብ ማግኘት ትናንት አልጀመሩም። ሮቶሩዋ ላይ ፍል ውኃና እንፋሎት ለማየት የሚመጣ ቱሪስት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከፍሎ አስጨፍሯል። ማጊ ፓፓኩራ የተባለችው ታዋቂ አስጎብኚ በ1911 ቡድን ይዛ እስከ ለንደን ሄዳለች። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን የቴ ፑዌያ ታሪክ ነው። በ1918 የኅዳር በሽታ የምንለው ያ ወረርሽኝ ዋይካቶ በተባለው ክልል ውስጥ ብዙ ልጆችን ያለ ወላጅ አስቀረ። ቴ ፑዌያ፣ ከማኦሪ ንጉሣውያን ቤተሰብ የሆነችው፣ ልጆቹን ሰብስባ አሳደገች፤ በ1920ዎቹም ወጣቶቹን የሙዚቃና የጭፈራ ቡድን አድርጋ ከመንደር መንደር፣ ከከተማ ከተማ እየዞረች ትኬት ሸጠች። በገንዘቡ ንጋሩዋሂያ ላይ ለሕዝቧ ሆስፒታል ልትሠራ ነበር። ባለሥልጣናቱ ሆስፒታልነቱን ሳይፈቅዱ ቀሩ፤ ቤቱ ግን በ1929 ማሂናራንጊ በሚል ስም የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬም ቆሟል። ያ ቡድን ለእንግዳ ጨፍሯል፣ ገንዘብ ተቀብሏል፣ ገንዘቡን ግን ወዴት እንደሚያደርገው የወሰነው ራሱ ነበር።

ተቃራኒውን ለማየት ወደ ሃዋይ መሻገር ነው። ኦዋሁ ደሴት ላይ ላይዬ በምትባል ከተማ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1963 የፖሊኔዥያ የባህል ማዕከል ከፍታለች። ሳሞአ፣ ቶንጋ፣ ታሂቲ፣ ፊጂ፣ ሃዋይና ኒውዚላንድ በየመንደራቸው ተከፋፍለው ይታያሉ፤ ማታ ትልቅ ትርዒት አለ። አብዛኞቹ ተወዛዋዦች ጎን ያለው የቤተ ክርስቲያኗ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ በጭፈራው የትምህርት ወጪያቸውን ይሸፍናሉ። ከሩቅ ደሴት ለመጣ ልጅ ይህ ዲግሪ ማለት ነው፤ ማናናቅ ነውር ነው። ነገር ግን የታሂቲን ጭፈራ የሚያሳየው ልጅ የግድ የታሂቲ ልጅ አይደለም፤ ተመልካቹም ልዩነቱን አያውቅም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። የእኛም ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይላል፦ አዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት ውስጥ ያው ስድስት ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እየቀየረ በአንድ ማታ ጎጃምን፣ ጉራጌን፣ ወላይታንና ሐረርጌን ያዳርሳል። ጉራጌ የሆነ እንግዳ ከተቀመጠ ብቻ እግር ላይ ስሕተት ይታያል።

ልዩነቱ እንግዲህ ዳኛው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።  ቴ ማታቲኒ ላይ ዳኞቹ ሙያውን የኖሩበት ሰዎች ናቸው፤ ከዳኝነቱ አንዱ ክፍል ቋንቋው ብቻ ነው፤ አናባቢ ያጠረበት፣ ቃል የዋጠ ቡድን ይታወቅበታል። ተመልካቹም አያሳልፍም፤ ፖይ ከእጅ ስታመልጥ የሺዎች ትንፋሽ በአንዴ ይሰማል።

እዚህ ላይ ግን ራሴን መቃረን አለብኝ። ለቱሪስት የተሠራ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። የሳሞአው የእሳት ቢላዋ ጭፈራ፣ ያ ሁለት ጫፉ የሚነድ በትር በሌሊት የሚሽከረከርበት፣ ሁላችንም «ጥንታዊ» ብለን የምናየው፣ እሳቱ የተጨመረበት በ1946 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ፍሬዲ ሌቱሊ የተባለ የሳሞአ ተወዛዋዥ ቢላዋውን ሲለማመድ አንድ የሕንድ እሳት የሚውጥ አርቲስትና አምፖል ያለው በትር የምታሽከረክር ልጅ አየ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አሰበና የራሱን ቢላዋ ለኮሰው። ዛሬ የሳሞአ ልጅ ይህን ከአባቱ ይማረዋል፤ ከ1993 ጀምሮም እዚያው ላይዬ የዓለም ሻምፒዮና አለው። ለባዕድ ዓይን የተፈጠረ ነገር በሁለት ትውልድ የቤት ሆነ። ስለዚህ ጥያቄዬ «እውነተኛው የቱ ነው» የሚለው አይደለም፤ የሚከፍለው ሰው ቡድኑ የሚናገረውን መወሰን ይችላል ወይ የሚለው ነው።

የካፓ ሃካ አባላት በዚህ በኩል ያተረፉት ትልቅ ነገር ቋንቋው ነው። ከ1867 ጀምሮ ትምህርት ለማኦሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተደርጎ በትምህርት ቤት ግቢ ማኦሪኛ የተናገረ ልጅ በብዙ ቦታ ይገረፍ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቱ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ ቋንቋው ሽማግሌዎች ጋር ቀረ። ያኔ በከተማ አዳራሾች ውስጥ የተመሠረቱት የማኦሪ ክበቦች ዘፈን እያሉ ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችል ልጅ መቶ ስንኝ በቃሉ ይወጣ ነበር። በ1982 የቋንቋ መዋእለ ሕፃናት ሲከፈቱ፣ በ1987 ማኦሪኛ የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ ቋንቋውን እስከዚያ ያደረሱት እነዚህ ክበቦችም ነበሩ። በ2023 ቆጠራ ማኦሪኛ እናገራለሁ ያለው ሰው ከ2 መቶ ሺህ አልፏል። ዛሬም ብዙ ጎልማሳ ወደ ቋንቋው የሚገባው በቡድን በር ነው፤ ሰዋስው የጠላ ሰው ዘፈን አይጠላም።

ባለቤትነትም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ዓለም የሚያውቀው «ካ ማቴ» የተባለው ሃካ የማኦሪ አለቃው የቴ ራውፓራሃ ድርሰት ነው። በ1820ዎቹ ገደማ ከጠላት ሸሽቶ የስኳር ድንች ማስቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ፣ ሊሞት ነው ሲል ተርፎ ወደ ፀሐይ ሲወጣ የተናገረው ነው። ገዳይ ገዳይ የሚባልበት አይደለም፤ ተረፍኩ የሚባልበት ነው። ንጋቲ ቶዋ የተባለው ጎሣው ለዓመታት ተሟግቶ በ2014 ሕግ ወጣለት። ሕጉ ግን የሰጠው ስሙ የመጠቀስ መብት ብቻ ነው፤ በንግድ የሚጠቀም ሰው ደራሲውን ይጥቀስ ይላል። የሚከፍለው ሳንቲም የለም።

ወደ ፓርላማው ልመለስ። ያቺ ወጣት የቀደደችው ረቂቅ በ1840 እንግሊዝና የማኦሪ አለቆች የተፈራረሙትን የዋይታንጊ ውል ትርጉም በሕግ እንደገና ሊወስን የመጣ ነበር። ውሉ በእንግሊዝኛና በማኦሪኛ የሚለው አንድ አይደለም፤ የውጫሌን አንቀጽ 17 ላስታወሰ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከአምስት ቀን በኋላ ፖሊስ 42 ሺህ ገደማ ብሎ የገመተው ሰልፈኛ ፓርላማው ደጅ ቆሞ ሃካ አሰማ። ረቂቁ በሚያዝያ 2025 በ112 ተቃውሞ፣ በ11 ድጋፍ ወደቀ። ሰኔ 5 ደግሞ ቅጣቱ መጣ፦ ማይፒ ክላርክ ለ7 ቀን፣ የፓርቲዋ ሁለት መሪዎች እያንዳንዳቸው ለ21 ቀን ከምክር ቤት ታገዱ። ከዚያ በፊት ረጅሙ እገዳ 3 ቀን ነበር። የቀጡት ሰዎች መከራከሪያ ሃካ አይፈቀድም የሚል አልነበረም፤ ፓርላማው ውስጥ ከዚህ በፊትም ተብሏል። ድምፅ እየተሰጠ፣ ረቂቁን ያቀረበው ፓርቲ መቀመጫ ድረስ ተሂዶ መባሉ ማስፈራራት ነው አሉ። መከራከሪያው ፈጽሞ ባዶ ነው አልልም። ነገር ግን ሃካ በባሕርይው ፊት ለፊት ነው፤ ጀርባ ሰጥቶ የሚፎክር የለም።

ይኸው መንግሥት፣ የመሥሪያ ቤቶችን ስም ከማኦሪኛ ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዞሩ ያዘዘው፣ የማኦሪ ጤና ባለሥልጣንን ያፈረሰው፣ ለቴ ማታቲኒ የሚሰጠውን ገንዘብ አልቆረጠም፤ ቀጠለበት። ይህን መልካም ፈቃድ ብሎ የሚያነበው አለ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በመድረክ፣ በትኬት፣ በቴሌቪዥን ያለ ሃካ ለየትኛውም መንግሥት ጌጥ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ወንበሩ ፊት የቆመ ሃካ ግን ያስቀጣል። ችግሩ ሁለቱን የሚያሰለጥናቸው ያው አንድ ቡድን፣ ያው አንድ ማራዬ መሆኑ ነው። አንዱን ከፍሎ ሌላውን ማስቀረት የሚቻል አይመስለኝም።

በኒው ፕሊመዙ ውድድር ጊዜ፣ በየካቲት መጨረሻ 2025፣ ረቂቁ ገና በምክር ቤቱ ኮሚቴ እጅ ነበር። ቡድኖቹ በመንግሥት ገንዘብ በቆመው መድረክ ላይ ወጥተው ረቂቁን ነቀፉት፤ ግጥሙን የጻፉት እነሱ፣ ልብሱን የገዙት እነሱ፣ ቤንዚኑን የቀዱት እነሱ ናቸው። ዳኞቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጥብ ይይዛሉ። ከተመደበለት ሰዓት ያለፈ ቡድን ነጥብ ይቀነስበታል፤ መንግሥትን ለወቀሰ ግን የሚቀነስ ነጥብ የለም።